የውል ማፍረሻ

አያት ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ አራት ሰዎች በአንድ ውል ይኖሩ ነበር። ዝምድና የላቸውም። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን ቤት መከራየት የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ ሌላው ሁሉ በደባልነት ይፈርማል፣ ሰባት ዓመት አብሮ ይኖራል፣ ሰባቱ ሲያልቅ ደግሞ ከሌሎች ሰዎች ጋር ሌላ ሰባት ይጀምራል።

አከራያቸው ሰው አልነበረም። ተከራዮቹ በአጭሩ “ቤቱ” ይሉት ነበር። ቤቱ ይሰማል፤ ሲፈልግም ይናገራል። ከኪራዩ ይልቅ የሚያሳስበው የተከራዮቹ ስምምነት ነበር። ደባሎቹ ተስማምተው ሲኖሩ ሙቅ ውሃ አይቋረጥም፣ ሊፍቱም ፎቃቸው ላይ ይቆማል። ድምፅ ከፍ ከፍ ካለ፣ በር ከተላተመ፣ ወይም ሁለቱ ለቀናት ሳይነጋገሩ ከቆዩ ግን ሊፍቱ እነሱን አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ሕንፃው ውስጥ የሚጣላ ሰው አልነበረም። ጠብ ያላቸው ሰዎች ተቃጥረው ይወርዱና ከሕንፃው ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ይጣላሉ። ሜዳውን “መጣያ” ይሉታል፤ እንግዳ ሰው የቆሻሻ መጣያ ይመስለዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቦታ አይገኝም። ባልና ሚስቱ፣ ደባልና ደባሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመው ይጯጯሃሉ። ሲጨርሱ ፊታቸውን ይጠርጋሉ፣ ልብሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ፈገግ ብለው ወደ ሊፍቱ ይገባሉ።

ከአራቱ ደባሎች አንዷ ስንዱ ነበረች። ሠላሳ ዓመት አልፏታል፣ መነጽር ቤት ትሠራለች፣ ረጋ ያለች ሰው ናት። ሁለተኛዋ ድንቄ ነርስ ናት፤ ከስንዱ ጋር አንድ ክፍል ይጋራሉ። ሦስተኛው መርሻ የጣራ ውሃ ማጠራቀሚያዎችን የሚጠግን፣ ሳቂታ ወጣት ነው። አራተኛው ጋሽ ናሆም ነበሩ። ጋሽ ናሆም በወጣትነታቸው የቀላል ባቡር አሽከርካሪ ነበሩ። ባቡሩ ከነሐዲዱ ከተነሳ ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ መንገድ ሲሻገሩ ሐዲዱ የነበረበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ግራና ቀኝ ያያሉ።

ማታ ማታ አራቱ ራት ላይ ሲቀመጡ ቤቱ ይጠይቃል። “እንደምን አመሻችሁ? ውሎአችሁ እንዴት ነበር?” ሁሉም በየተራ፣ በራሱ ድምፅ መመለስ አለበት። ደንብ ነው። ሰዉ ከመልመዱ የተነሣ ልክ እንደ ጸሎት ያደርሰዋል፤ “ደህና ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትንሽ ድካም ብቻ።”

አንድ ማታ የጋሽ ናሆም ተራ ደረሰና “ዛሬ ከአያት ጦር ኃይሎች ስመላለስ ዋልኩ” አሉ፣ ፓስታውን በሹካ እያዞሩ። “ተሳፋሪው እንደ ጉድ ነው። አንዷ ሴትዮ በር ላይ ነጠላዋ ተይዞባት ነበር።”

ድንቄ ስንዱን አየቻት። ከዚያ መርሻ ከት ብሎ ሳቀ። “ጋሽ ናሆም ዛሬ ደግሞ ቀልድ ጀመሩ!” አለ። ስንዱም ሳቀች፣ ድንቄም ሳቀች። ጋሽ ናሆም ግራ ገብቷቸው ሦስቱንም ተራ በተራ አዩና እሳቸውም ሳቁ። ቤቱ መልካም ምሽት ተመኝቶላቸው ዝም አለ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሳይማከሩ ተስማሙ። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ አእምሮው የደከመ ሰው በደባልነት መኖር አይፈቀድለትም። ከሰንዳፋ ማዶ ወዳለው የነጠላ መኖሪያ ይወሰዳል። እዚያ ሁሉም ለየብቻው አንድ ክፍል አለው፤ ምግብ በሰዓቱ ይመጣል፣ ዶክተር ያያል። ክፉ ቦታ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ሄዶ የተመለሰም አልነበረም።

ስለዚህ ደበቋቸው። ጋሽ ናሆም ምድጃ ለኩሰው ሲረሱ ድንቄ “እኔ ነኝ” ትላለች። የሌላ ሰው ክፍል በር ሲከፍቱ መርሻ እንደጠራቸው ሆኖ “ግቡ፣ ግቡ ጋሼ” ይላል። የስንዱ ድርሻ ደግሞ የጠዋቱ ነበር። ደረጃው ላይ ቤቱ አይሰማም። ስንዱ ሥራ ከመሄዷ በፊት የሊፍቱን ሰው ብዛት ታመካኝና ጋሽ ናሆምን ይዛ በደረጃው አንድ ፎቅ ትወርዳለች። እዚያ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

“ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ ጋሼ።”

“ማክሰኞ።”

“ድንቄ የቀን ተረኛ ናት። መርሻ ገርጂ ነው የሚሠራው። እርስዎ ትናንት የት ነበሩ?”

“ፀጉሬን ተስተካከልኩ።”

“ጎበዝ! ማታ ቤቱ ሲጠይቅዎ ምን ይላሉ?”

“‘ወዳጆቼ ጋ ሄጄ ዳማ ስጫወት ዋልኩ፤ ተሸነፍኩ’ እላለሁ።”

“ለምን ‘ተሸነፍኩ’?”

“ካሸነፍኩማ ውሸት መሆኑ ይታወቃል” ይሏትና ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋሉ።

ስንዱ አባቷን አታውቅም። እነዚያን የደረጃ ላይ ጠዋቶች ትወዳቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ሥራ ቦታ ሆና መነጽር እየወለወለች ጋሽ ናሆም ያሉትን አስታውሳ ብቻዋን ትስቃለች።

ይርጋን ያገኘችው በአክስቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነው። አርባ ምንጭ የዓሣ እርባታ ላይ የሚሠራ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሲደዋወሉና ሲጠያየቁ ቆዩ። ከዚያ ለይርጋ የባልና ሚስት ቤት ዕጣ ወጣለት። ሐይቁን የሚያይ ባለ አንድ መኝታ ቤት፣ ያለ ደባል። እንዲህ ያለ ዕጣ ለሰው በዕድሜው አንዴ ቢወጣለት ነው። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሚስት የምትሆነው ሴት ጥቅምት ሳይወጣ ከሌላ ውል ነፃ ሆና መመዝገብ አለባት። ካልሆነ ዕጣው ለሌላ ይተላለፋል።

“ንገሪያቸው እንጂ” አላት ይርጋ በስልክ። “ሰዎች አይደሉ? ይገባቸዋል።”

“እነግራቸዋለሁ።”

የእሷ ውል ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ከጊዜው በፊት ለመውጣት ሦስቱም መስማማት፣ በእሷ ቦታም ተተኪ መግባት አለበት። ስንዱን ያሰጋት ተተኪው ነው። አዲስ የሚገባው ሰው ሳምንት ሳይሞላው የጋሽ ናሆምን ነገር ያውቃል። አውቆ ዝም ይል እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞም ድንቄ ዓምና ባሕር ዳር ጥሩ ሥራ አግኝታ፣ በዚሁ ምክንያት ሳትሄድ ቀርታለች። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። ስንዱ ግን ድንቄ ለሥራ በምትወጣበት ሰዓት ሁሉ ታስታውሰዋለች።

እንዲያም ሆኖ ለመናገር ሞከረች። አንድ ቅዳሜ ድንቄን “እስቲ መጣያ እንውረድ” አለቻት።

“ምን አጠፋሁ?” አለች ድንቄ እየሳቀች።

“ምንም። ብቻ እንውረድ።”

ሜዳው ላይ በስተግራቸው አንድ ሰውዬ ሚስቱን ስለ እናቷ ይሰድባል። ስንዱ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ቆመች። ንግግሩን አዘጋጅታው ነበር። “ድንቄ፣ ይርጋ…” ብላ ጀመረች።

“አውቃለሁ” አለች ድንቄ አቋርጣት። “ርቀቱ ከብዶሻል። ስንዱዬ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ እኔና መርሻ ጋሽ ናሆምን አንችላቸውም ነበር። ትናንት በሕልማቸው ሳይቀር ያንቺን ስም ሲጠሩ ሰማኋቸው። እግዜር ይስጥሽ። ይህን እዚህ የምነግርሽ ቤት ውስጥ ሆኜ ስለማልችል ነው።” ብላ አቀፈቻት።

ስንዱ በድንቄ ትከሻ አሻግራ የሚጣሉትን ባልና ሚስት ታይ ነበር። “ልሄድ ነው” ማለት አቃታት። ነውር መሰላት። ፊት ለፊት ቆሞ “ተውኳችሁ” ከማለት መሞት ይሻላል ብላ አሰበች። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ትንሹን ሐፍረት ሸሽቶ ሰው የት እንደሚደርስ አያውቅም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። መርሻና ጋሽ ናሆም ኳስ ለማየት ወጥተዋል፣ ድንቄ ሥራ ገብታለች። ስንዱ ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣ ልብስ ታጥፍ ነበር። ልብሱን አስቀመጠችና ለግድግዳው ተናገረች።

“ውል ማቋረጥ ስለሚቻልበት ሁኔታ መጠየቅ ፈልጌ ነበር።”

“እንሰማለን፣ ወይዘሪት ስንዱ” አለ ቤቱ። “ደባሎችዎ ያውቃሉ?”

“አያውቁም።”

“ደባሎችዎ ካልተስማሙ ውል የሚፈርሰው በማፍረሻ ምክንያት ነው። ከደባሎችዎ መካከል የሚመታዎት አለ?”

“ኧረ የለም!”

“ንብረትዎን የሚወስድ?”

“የለም።”

“ጤናውን የሚደብቅ?”

ከታጠፉት ልብሶች ላይ የጋሽ ናሆምን ሹራብ አነሣች። ክርኑ ላይ ያለውን ቀዳዳ የጣፈችው እሷ ነበረች።

“ዝምታዎን እንዴት እንረዳው?” አለ ቤቱ በትሕትና።

“ጋሽ ናሆም…” አለች። “ጋሽ ናሆም ይረሳሉ።”

“ከጀመራቸው ቆየ?”

“ዓመት አልፏል። ቀን ይጠፋቸዋል። ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማስታውሳቸው።”

“ሌሎቹ ደባሎች ያውቃሉ?”

“አያውቁም” አለች ቶሎ ብላ። “እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።”

“ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን።”

ሌላ ምንም አልሆነም። ውጭ የሆነ ሰው መኪና ያጥባል። ስንዱ ተነሥታ እጇን ልትታጠብ ገባች። ውሃው ከወትሮው የበለጠ ሙቅ ሆኖ ወረደ። ቤቱ እንዲህ ነበር የሚያመሰግነው። እጇን ከውሃው አውጥታ ልብሷ ላይ ጠረገችና ተመልሳ መጣች።

“አሁን የነገርኩትን መሰረዝ ይቻላል?”

“የነገሩን እውነት አይደለም?”

“እውነት ነው።”

“እንግዲያው የሚሰረዝ ነገር የለም፣ ወይዘሪት ስንዱ።”

ሁለት መርማሪዎች በዚያው ቀን እንደሚመጡ ለሁሉም የተነገረው ረቡዕ ማለዳ ነው። ቤቱ “የተለመደ የጤና ጉብኝት” አለው። መርሻ ደነገጠ፤ ድንቄ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ስንዱ በዚያ ጠዋት ጋሽ ናሆምን ደረጃው ላይ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አስቀመጠቻቸው። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን፣ የከንቲባውን ስም፣ የሦስቱን ስምና ሥራ አስጠናቻቸው። እንዳስጠናቻቸው ሁሉንም መለሱ።

“ምን ሆነሻል?” አሏት። “እጅሽ ቀዝቅዟል።”

“በርዶኝ ነው።”

ኮታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት።

መርማሪዎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ፤ ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም ጨዋዎች። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ጋሽ ናሆም ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ክራባት አድርገዋል።

“አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድነው?” አለች ልጅቷ።

“ረቡዕ። መስከረም ሊያልቅ ነው።”

“ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?”

“ከድንቄ ጋር፣ ነርስ ናት። ከመርሻ ጋር፣ እሱ የውሃ ሰው ነው። ከስንዱ ጋር።” ወደ ስንዱ ዞረው ፈገግ አሉ። “ስንዱ መነጽር ቤት ነው የምትሠራው። ልጄ ማለት ናት።”

መርሻ ትንፋሹን ለቀቀ። ወጣቱ መርማሪ ሊነሣ ነበር። ልጅቷ ግን እንደ ቀላል ነገር አንድ ጥያቄ ጨመረች። “እዚህ ቤት ተመችቶዎታል?”

“በጣም! በጣም ተመችቶኛል” አሉ ጋሽ ናሆም። “ደግሞም ለጥቂት ጊዜ ነው። ባቡሩ እስኪጠገን ነው እዚህ ያለሁት። ሲጠገን ይጠሩኛል።”

መርሻ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሳቁ አልወጣለትም።

ጋሽ ናሆም ዓርብ እንደሚሄዱ ተወሰነ። ለእሳቸው የተነገራቸው ወደ ተሻለ ቤት እንደሚዛወሩ ነው። ሐሙስ ማታ ድንቄ እንቁላልና ድንች ሠራች፤ ጋሽ ናሆም ይወዱታል። አራቱም ተቀመጡ። ድንቄና መርሻ “ማን ነገረ?” የሚለውን ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ላይ ሲነጋገሩበት ውለዋል። የፎቁ ጎረቤት ናት ብለው ተስማምተዋል። ስንዱም “ትሆናለች” ብላለች።

ቤቱ በተለመደው ሰዓት ተናገረ።

“እንደምን አመሻችሁ? ወይዘሪት ስንዱ፣ ባቀረቡት የማፍረሻ ምክንያት መሠረት ውልዎ ከነገ ጀምሮ ተቋርጧል። ለትዳርዎ መልካሙን ሁሉ እንመኛለን።”

የመርሻ ሹካ ሳህኑ ላይ ቀረ። ድንቄ ቀስ ብላ ራሷን ቀና አደረገች። ስንዱ ደሟ ወደ ፊቷ ሲወጣ፣ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። የምትደበቅበት ቦታ የለም፤ ጠረጴዛው ትንሽ ነው።

ጋሽ ናሆም ከተነገረው የሰሙት አንዱን ብቻ ነበር። “ልታገቢ ነው እንዴ?” አሉ። ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡ። “ልጄ ልታገባ ነው! ምን ዝም ትላላችሁ? አጨብጭቡ እንጂ!” እሳቸው ማጨብጨብ ጀመሩ።

ቤቱ እየሰማ ነው። መርሻ መሬት መሬት እያየ አጨበጨበ። ድንቄ ዓይኗን ከስንዱ ሳትነቅል አጨበጨበች። ጋሽ ናሆም ዞረው መጥተው የስንዱን ግንባር ሳሙ። “ውለጂ፣ ክበጂ” አሏት። “ትዳርሽን የአብርሃምና የሣራ ያድርግልሽ።”

“አሜን” አለች ስንዱ። ደንቡ ስለሆነ ጮክ ብላ መድገም ነበረባት። “አሜን።”

ጋሽ ናሆም ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ድንቄ ወደ በሩ ሄደች። ስንዱ ሳትጠራ ተከተለቻት። መጣያ ወረዱ። ብዙም አልመሸም ነበር፤ ሜዳው ላይ ሌሎች ሰዎችም አሉ። ድንቄ ቆመች። ስንዱ ስድቡን ጠበቀች፤ እንዲያውም ቶሎ እንዲመጣ ፈለገች።

“ለምን አልጠየቅሽንም?” አለች ድንቄ በዝግታ።

“አፈርኩ።”

“ምኑ ያሳፍራል? ልታገቢ እኮ ነው።”

“ተተኪው… አንቺ ባሕር ዳር ሳትሄጂ…”

“የታላቅ እህቴ ልጅ ቤት አጥታ በየዘመዱ ነው የምታድረው። የራሴ ልጅ ማለት ናት፤ አፏን የምትይዝ። ‘ልሄድ ነው’ ብትይን በማግስቱ አመጣት ነበር።” አለች ድንቄ። “እኔ ባሕር ዳር ያልሄድኩት ያኔ እሷ ውል ለመፈረም ዕድሜዋ ስላልደረሰ ነው። ዘንድሮ ደርሳ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገን፣ ስንዱ።”

“ለቤቱ ሌሎቹ አያውቁም ብያለሁ” አለች ስንዱ። “እናንተ እንዳትጠየቁ።”

“የወረድኩት ልጣላሽ ነበር” አለች ድንቄ። “አቃተኝ። ለመጣላት እንኳን መቀራረብ ያስፈልጋል።” ዞራ ሄደች። ስንዱ ብቻዋን የቆመችበት ቦታ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች መጥተው “ጨረሽ እኅቴ?” አሏት።

ዓርብ ጠዋት የጋሽ ናሆምን ሻንጣ ልታነሣላቸው ስትል መርሻ ምንም ሳይናገር ከእጇ ወሰደው። ጋሽ ናሆም ሊፍቱ ውስጥ ሆነው እጃቸውን አውለበለቡ። “ለሠርጉ ጥሩኝ እሺ!” አሉ፣ በሩ እስኪዘጋ።

ስንዱና ይርጋ በጥቅምት ተጋቡ። ይርጋ “እንዴት ያሉ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ እንዲህ በቀላሉ ለቀቁሽ!” አለ። “ሠርጉ ላይ ይምጡ እንጂ።” ስንዱ ሥራ ይበዛባቸዋል አለችው። አዲሱ ቤታቸው እንደተባለው ሐይቁን ያያል። ጠዋት ሐይቁ ላይ ጉም ሲነሣ ይርጋ በመስኮት እየጠራ ያሳያታል። እሷ ትመጣለች፣ ታያለች፣ “ያምራል” ትላለች። ጎረቤቶቿ የአዲስ አበባ ደባሎቿን ሲጠይቋት ወሬ ትቀይራለች። ገበያ ውስጥ ክራባት ያደረገ ሽማግሌ ካየች መንገድ ትቀይራለች። አንድ ቀን ይርጋ ከሥራ ሲገባ ወጥ ቤት ወለል ላይ ተቀምጣ አገኛት፤ ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረችው። እሱ ብዙ አላላትም። “ሂጂና እያቸው” ብቻ አላት።

የነጠላ መኖሪያው ከሰንዳፋ ማዶ፣ ስንዴ ማሳ መካከል ያለ ዝቅ ያለ ግንብ ነው። ኮሪደሩ ጸጥ ያለ ነው። እዚያ የሚሰማ ቤት የለም፤ የሚስማማም የሚጣላም ስለሌለ ማዳመጥ አላስፈለገም። ጋሽ ናሆምን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

“ስንዱ! ከሥራ ገባሽ?”

“አዎ ጋሼ።”

“መርሻስ? ገርጂ ነው?”

“ገርጂ ነው።”

ያመጣችላቸውን ሙዝ ልጣ አበላቻቸው። ስለ ዳማ አወሩ። ሳቁ። እጇን ይዘው “ደግ ልጅ ነሽ” አሏት። ስንዱ ልትነግራቸው ያሰበችውን ዋጠችው፤ ምን ያደርግላቸዋል? ደስ ብሏቸዋል። አውቶቡስ ላይ ሆና ግን ራሷን ወንበሩ ላይ ደግፋ አለቀሰች። ለቤቱ ከነገረችው ቃል ይልቅ በዚያን ቀን የተቀበለችው ምስጋና ከበዳት። የማይገባትን ነገር ከሽማግሌ እጅ ሰርቃ የመጣች መሰላት።

በሚቀጥለው ስትመጣ ነገረቻቸው። “ጋሼ፣ እዚህ ያመጣሁዎት እኔ ነኝ። ለቤቱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ለመውጣት ብዬ ነው።” ጋሽ ናሆም አዳመጧት። “ውጪ” አሉ። “ውጪልኝ!” ሙዙን በር ላይ ወረወሩት። አስተናጋጁ መጥቶ አስወጣት።

ወር ቆይታ ስትመለስ እንደ መጀመሪያው ፊታቸው በራ። “ስንዱ! ከሥራ ገባሽ?” ምንም አላስታወሱም። ስንዱ በሩ ላይ ቆመች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ገብታ ተቀመጠችና እንደገና ነገረቻቸው። በዚያን ቀን ብዙ አሰቡና እጇን ያዙ። “ልጅ ነሽ” አሉ፣ “ልጅ ያጠፋል።” አብረዋት አለቀሱ። ስንዱ ይቅር እንደተባለች አውቶቡስ ተሳፈረች፤ አርባ ምንጭ ሳትደርስ ግን ይቅር ያሉት ሰውዬ ይቅርታቸውን ረስተውታል።

እንዲህ እየሆነ ሁለት ዓመት አለፈ። ትመጣለች፣ ፊታቸው ይበራል፣ ትነግራቸዋለች። አንዳንዴ ይቆጣሉ። አንዳንዴ ጀርባቸውን ሰጥተው ይተኛሉ። አንድ ጊዜ “መቼም የምታገቢው ሰው ደህና ይሁን” ብቻ አሏት። ምን እንደሚሏት ስንዱ አስቀድማ አታውቅም። ይርጋ “ይበቃሻል፣ ቅጣት ሆነብሽ እኮ” ቢላት “እሳቸው ናቸው በየጊዜው እንደ አዲስ የሚሰሙት” ትለዋለች። መንገር ራሱ ጭካኔ እንደሆነ አንዳንዴ ይታያታል። አለመንገርም ሌብነት ይሆንባታል። ሁለቱን መምረጥ አቅቷት በየወሩ ትሄዳለች።

በሐምሌ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ ሲጥል፣ እንደ ልማዷ ነገረቻቸው። ጋሽ ናሆም ሰሟት። በጣም ከስተዋል። መስኮቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ ለጥቂት ጊዜ አዩና ዓይናቸውን ወደ እሷ መለሱ።

“ይህን ከዚህ በፊት ነግረሽኛል?”

ስንዱ ደነገጠች። ጠይቀዋት አያውቁም። “አዎ ጋሼ። ብዙ ጊዜ።”

“ምን አልኩሽ?”

“ይቅር ብለውኛል” ማለት ትችላለች። ይህም ቢሆን እኮ እውነት ነው። ነገሩ በዚያ ያልቃል፤ የሚያረጋግጥ ሰው የለም፣ የሚሰማ ግድግዳ የለም።

“አንድ ቀን ይቅር አሉኝ” አለች። “አንድ ቀን ደግሞ አስወጡኝ። ሙዝ ወረወሩብኝ።”

“ሙዝ?”

“አዎ።”

ጋሽ ናሆምን ፈገግ እንደማለት አደረጋቸው። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። ረጅም ጊዜ አዩዋት፤ የሚያዩት እሷን ይሁን ሌላ ሰው አልታወቃትም።

“ታዲያ ዛሬ ምን ልበልሽ?”

“እኔ እንጃ፣ ጋሼ።”

አልጋው ላይ ጠጋ አሉና ጎናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

“እስቲ ቁጭ በይ” አሏት። “ላስብበት።”

ስንዱ እርጥብ ኮቷን እንደለበሰች ጎናቸው ተቀመጠች።